የባዶ እጅ ትምህርት

ምትሐት የሚለውን ቃል ብዙ ሰው ከአስማትና ከጥንቆላ ጋራ አንድ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን በወንጌል ደቀ መዛሙርት መምህራቸው በባሕር ላይ ሲራመድ ባዩት ጊዜ በድንጋጤ የጠሩት በዚሁ ቃል ነውና፣ ቃሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ስለ አድራጊው ኀይል ሳይሆን ስለ ተመልካቹ ዐይን ነው። በመድረክ ላይ በካርታ የሚጫወተውን ሰው ምትሐተኛ ስንለውም ከመናፍስት ጋራ ውል አለው ማለታችን ሳይሆን፣ ያለውን የሌለ፣ የሌለውን ያለ አስመስሎ ማሳየትን በብዙ ድካም የተማረ ባለሙያ ነው ማለታችን ነው። የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ ይኸው መማር ነው፤ ያውም የጀማሪው።

ካርታ በጠረጴዛ ላይና ካርታ በመድረክ ላይ አንድ ጥበብ አይደሉም። ማንነቱ እስከ ዛሬ እያከራከረ ያለውና ኤርድኔዝ በሚል የብዕር ስም የተሰወረው ደራሲ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ የጠረጴዛውን ጥበብ እንደ ሥርዓት መጽሐፍ የደነገገ ሲሆን፣ በዚያ ዓለም ተመልካቹ በክንድ ርቀት ተቀምጦ እያንዳንዱን ካርታ በቍጥሩና በመልኩ ያውቀዋል። በመድረክ ላይ ግን ከሃያኛው ረድፍ ለሚያይ ሰው አስና ሰባት ልዩነት የላቸውም፤ 63 ሚሊሜትር በ88 ሚሊሜትር የሆነችው ወረቀት ቍጥሯም ንጉሧም ንግሥቷም ጠፍተው በጥቍር ልብስ ፊት የምትበራ ነጭ ነጥብ ብቻ ትሆናለች። ጨዋታው የምርጫና የግምት መሆኑ ቀርቶ የመታየትና የመሰወር ይሆናል፤ በእኔ ሚዛን ከቁማር ይልቅ ለሽብሸባ የቀረበ ነው።

የዚህ ጥበብ ሀሁ ካርታን ከእጅ ጀርባ መሰወር ነው። ካርታዋ በአውራ ጣትና በመካከለኛው ጣት ጫፍ ተይዛ ትታያለች፤ የመካከለኛውና የቀለበት ጣቶች ታጥፈው ከኋላዋ ሲገቡ፣ አመልካች ጣትና ትንሿ ጣት ጠርዞቿን ከግራና ከቀኝ ይቈነጥጧታል፤ የታጠፉት ሁለቱ ሲዘረጉም ካርታዋ በማጠፊያው እንደሚዞር በር ዞራ ከእጁ ጀርባ ትተኛለች፤ መዳፉም ባዶ ሆኖ ለሕዝቡ ይገለጣል። ጀርባውን ለማሳየት ደግሞ እጁ ሲዞር ካርታዋ በዚያው መንገድ ወደ መዳፍ ትመለሳለች። በቃል ሲነገር የአንድ ትንፋሽ ነገር ነው። በእጅ ሲሞከር ግን በመጀመሪያው ሳምንት የካርታው ማዕዘን በጣቶች መካከል ያለውን ስስ ቆዳ እየወጋ ያቀላዋል፤ አዲሱ ካርታ ያሙለጨልጫል፤ አሮጌው ይጐብጣል፤ ትንሿ ጣትም ለብቻዋ መታዘዝን ስለማታውቅ ካርታው ከወለሉ አይጠፋም። (አልጋ ፊት ቆሞ መለማመድ ለወገብ ምሕረት መሆኑን እኔ የደረስሁበት ወገቤን ካመመኝ በኋላ ነው።)

የኦሃዮ ተወላጁ ሃዋርድ ተርስተን በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ በዚህ አያያዝ ስሙን ከተከለ በኋላ፣ ምስጢሩን በ1901 በታተመ መጽሐፍ ገልጦ ለማንም አንባቢ ሰጠው። የቲያትር ቤቶች ወንበር ግን ስለዚህ ባዶ አልቀረም። እንግዲህ ኅቡእ የሚባለው ነገር በመጽሐፍ የሚነበበው ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ በገሃድ ተቀምጧል፤ ሆኖም ያነበበው ሁሉ ማድረግ አልቻለም፤ ከሚያደርጉትም ብዙዎቹ ሲያደርጉት ያስታውቃሉ።

ለምን ያስታውቃሉ? ጀማሪ ሁሉ ይዞት የሚመጣው እምነት እጅ ከዐይን ይፈጥናል የሚለው ነው፤ ስለዚህም ጣቶቹ ገና ሳይታዘዙት ማፍጠን ይጀምራል። ኋላ በአእምሮ መለኪያው ዓለም ያወቀው ፈረንሳዊው የሥነ ልቡና ሊቅ አልፍሬድ ቢኔ፣ በ1894 ስለዚህ ጥበብ ባሳተመው ጥናት፣ ጆርጅ ዴመኒ በተከታታይ ፎቶግራፍ የቀረጸውን የምትሐተኛ እጅ ቅጽበት በቅጽበት መርምሮ ነበር፤ ምስሎቹ ለየብቻቸው ሲታዩም ማታለሉ ሁሉ ተገልጦ ምትሐቱ ጠፋ። ከዚህ የምረዳው የፍጥነትን ኀይል አይደለም፤ ዐይን የተቈራረጠውን እንቅስቃሴ አንድ ወጥ አድርጎ ለኅሊና ማቅረብን ስለለመደ፣ ባለሙያው የሚሸሸገው በዚያ ወጥነት ውስጥ መሆኑን ነው እንጂ። ድንገት የፈጠነ እጅ ወጥነቱን ይሰብራል፤ በተሰበረበት ቦታም ተመልካቹ ጣቱን ይቀስራል።

መስተዋት በዚህ ላይ ክፉ መምህር ነው። ስሕተቴን ያሳየኛል ብሎ የቆመበት ጀማሪ በአንድ በኩል ለአንድ ጥንድ ዐይን ብቻ መሰወርን ይማራል፤ ቲያትር ቤት ግን ከግራ ጥግ፣ ከቀኝ ጥግና ከሰገነት የሚያይ ሕዝብ አለው። ይህም ብቻ አይደለም፤ መምህራኑ ደጋግመው እንደሚያስጠነቅቁት፣ ተማሪው ካርታው በሚሰወርበት ቅጽበት ሳያውቀው ዐይኑን ይጨፍናል፤ አታላዩም ተታላዩም ራሱ ይሆናል። እኔም እንዲህ ሆኜ ሦስት ወር ያህል በራሴ ተደንቄ ከኖርሁ በኋላ የእኅቴን ልጅ አስቀምጬ አሳየሁት። ብላቴናው ካርታዋን አላየም፤ ስለ ካርታም አልጠየቀም። እንደ በትር የደረቀውን መዳፌን ትኵር ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ እጅዎን ያምዎታል እንዴ?» አለኝ። ያነበብኋቸው የጀማሪ መጻሕፍት ሁሉ ካርታውን የት እንደምሸሽግ ነግረውኝ ነበር፤ ምንም ያልያዘ ሰው እጅ እንዴት እንደሚንጠለጠል ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም።

በዚህ ረገድ ከካርዲኒ የሚበልጥ መምህር አላገኘሁም። ሪቻርድ ፒችፎርድ በሚል ስም በ1895 በዌልስ የተወለደው ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ በምሽግ ሳለ፣ ብርዱ ጣቱን ስላደነዘዘው ጓንት አጥልቆ በካርታ ይለማመድ እንደ ነበረ ይነገርለታል፤ ጓንት ለብሶ ካርታ መሰወርም ወፍራም ብርድ ልብስ ደርቦ መርፌ እንደ መሰካት ያለ ነገር ነው። ኋላ ግን ጓንቱ ከችግር ወደ መልክ ተለወጠ። በ1957 ለቴሌቪዥን የተቀረጸው ትርኢቱ ላይ ካባ ደርቦ፣ ባንድ ዐይኑ መነጽር ሰክቶ፣ ጥቂት ሞቅ ያለው የከተማ ጌታ መስሎ ጋዜጣ እያነበበ ይገባል፤ የሆቴል ተላላኪ ለብሳ የምታጅበው ባለቤቱ ስዋን ናት። ድንገት በእጁ የካርታ ማራገቢያ ይገኛል። እሱ ግን አልጠራውም፤ ግራ ተጋብቶ ያየዋል፣ ይጥለዋል፣ ሌላ ይመጣበታል፣ ያንንም ይጥላል፤ መነጽሩም ከድንጋጤው የተነሣ ከዐይኑ ይወድቃል። ቃል አይናገርም። የጥበቡን ረቂቅነት እዚህ ላይ እመለከታለሁ፤ ሌላው ምትሐተኛ ሁሉ ኀይል እንዳለው ለማሳየት ሲደክም፣ ካርዲኒ የካርታ ምርኮኛ መስሎ ስለ ቀረበ፣ ሕዝቡ ምርኮኛውን አይጠረጥረውም፤ ያልተጠረጠረ እጅ ደግሞ መደንገጥ፣ መቸኰል፣ መድረቅ አያሻውም። የገጸ ባሕርዩ ፍጥረት ጌጥ አልነበረም፤ ለጣቶቹ የተሰጠ ዕረፍት ነበር።

ዘመናውያኑ ከዚህ ርቀው አልሄዱም። ኮሪያዊው ዩ ሆ-ጂን በ2012 በብላክፑል በተደረገው የዓለም ውድድር ታላቁን የመድረክ ሽልማት በወሰደበት የካርታ ትርኢት ውስጥ የምወደው ዝግታው ነው፤ ካርታው ሲሄድም ሲመጣም ትንፋሽ ይመስላል።

እኔ ለመድረክ አልበቃሁም፤ ለዚያም ብዬ አልጀመርሁትም። ከብላቴናው ጥያቄ በኋላ ግን መስተዋቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ሻይ ስጠጣና ከሰው ጋራ ቆሜ ሳወራ እጄ የት እንደሚውል ስመለከት ብዙ ቀን አሳለፍሁ፤ ካርታዋንም ይዤ በዚያው አኳኋን መቆምን ተለማመድሁ። በዓመቱ ብላቴናው ሲመጣ እፊቱ ቆሜ ስለ ትምህርቱ እየጠየቅሁት ሁለቱን መዳፎቼን አሳየሁት፤ ካርታዋ በቀኝ እጄ ጀርባ ነበረች። እሱ ወንበሩን እያወዛወዘ ትንሽ ጠበቀና፣

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?» አለኝ።