የቆየ ወይን ዕድሜው የት ይነበባል?

ጉደር ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደርሶባት የማያውቅ ሰው እንኳ ስሟን ያውቀዋል፤ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ቀይ ወይን በስሟ ይጠራልና። ያ ወይን በሠርግና በበዓል ማዕድ ላይ ወዲያው ተከፍቶ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ሥራውንም በሚገባ ይሠራል። ቀይ ወይን 20 ዓመት ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ግን የቦርዶ ጠርሙስ ያስፈልገዋል። አንድ ዘመድ ከፈረንሳይ ያመጣልኝን፣ የቦርዶ ክፍል ከሆነው ከሜዶክ የተገኘ ወይን የከፈትነው አምቦ ላይ ነው። ወይኑ የተለቀመበት እ.ኤ.አ. 2005 በቦርዶ ደረቅና ፀሐያማ ዓመት ነበር፤ ጠንካራና ረጅም ዕድሜ ያላቸው ወይኖች የወጡበት።

የሜዶክ ጌታ ካቤርኔ ሶቪኞ የተባለው የወይን ዝርያ ነው፤ ጠጠራማ መሬት የሚወድ፣ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም። ቀለሙም ታኒኑም የሚገኘው ከልጣጩ ነው። ታኒን ማለት ብዙ እንደቆየ ሻይ ምላስን የሚያደርቀው ነገር ነው። የጠማቂው ጥበብ የሚለካው እዚህ ላይ ነው፤ ጭማቂው ከልጣጩ ጋር ስንት ቀን ይቆይ? 225 ሊትር በሚይዘው የኦክ በርሜል ውስጥስ ስንት ወር? ከልክ ካለፈ ሻካራነቱ መቼም አይለዝብም፤ ካነሰም ወይኑ ሩቅ አይጓዝም። በጠርሙስ ውስጥ ታኒኑና ቀለሙ በዝግታ እየተጣበቁ ይከብዳሉ፤ ከፊሉም ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ ጠርሙሱን በዋዜማው አቁመን አሳደርነው፤ ስንቀዳም ዝቃጩ አንገቱ ጋ ሲደርስ አቆምን።

ብርጭቆውን በነጭ ጨርቅ ላይ ሳዘነብለው መሐሉ ገና ቀይ ነበር፤ ዳሩ ብቻ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል። ቡናማው መሐል ድረስ ቢገባ ኖሮ ጊዜው አልፎበታል እል ነበር። ሽታው የጥድ እንጨት፣ የትምባሆ ቅጠልና የቆዳ ነው። ከዝናብ በኋላ ግንጪ አጠገብ ባለው የጭልሞ ደን ውስጥ የሄደ ሰው የጥዱንና የእርጥቡን አፈር ጠረን ወዲያው ይለየዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፦ ምላስን የያዘ ሁሉ ገና የሚቆይ ይመስለዋል። ፍሬው ቀድሞ ከሞተ ግን የሚቀረው ድርቀት ብቻ ነው፤ ያን ማስቀመጥ ከንቱ ነው። እኔ የማዳምጠው ከዋጥኩ በኋላ ያለውን ነው። በዚህኛው ታኒኑ ለስልሶ ቀድሞ ሄደ፤ የፍሬው ጣዕምና ምራቅ የሚያመጣው ኮምጣጣነት ግን እስከ መጨረሻው አብረው ቆዩ። ከአንድ ሰዓት በኋላም በብርጭቆው ውስጥ ሽታው ሰፋ እንጂ አልደከመም። ፍርዴ ይህ ነው፦ ሌላ 10 ዓመት ይችላል፤ ውበቱ ግን አሁን ነው።

የቦርዶ እጅ እኛም ዘንድ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1949 ቦርዶ ላይ የተመሠረተው የወይን ጠጅ ኩባንያ ካስቴል በዝዋይ ወይን ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2014 ለገበያ አቀረበ፤ ከነዚህም አንዱ ካቤርኔ ሶቪኞ ነው። በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የበሰለ ፍሬ ወፍራም ጣዕም አይቸግረውም፤ ለዕድሜው የምመረምረው ኮምጣጣነቱን ነው። የአንድ ዓመት ምርት ስድስት ጠርሙስ ገዝቶ፣ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነችው አምቦ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድሞ በየሁለት ዓመቱ አንድ መክፈት ይበጃል። ወይኑ ምን ያህል ይቆያል ለሚለው ጥያቄ ከምላስ በቀር ሌላ መልስ ሰጪ የለም።