ንፋሱ ስንት ይሁን?

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ጎሚስታ ቤት ሲገቡ አብዛኞቹ «ሙላው» ብለው ነው የሚወርዱት። «ስንት ልሙላ?» ስላቸው የጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ያሳዩኛል። ያ ቁጥር ግን ጎማው የመጨረሻውን ጭነት ሲሸከም፣ ያውም ቀዝቅዞ ሳለ የሚያስፈልገው ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚዛን ጣቢያውን ወረቀት ነው። ጎማው ላይ 156/150 ከተጻፈ ለብቻው 4000፣ በጥንድ ሲታሰር ደግሞ 3350 ኪሎ ይችላል። የተሳቢው አንድ አክስል 10 ቶን ካረፈበት ለአራቱ ጎማዎች 2500 ኪሎ፣ 2500 ኪሎ ይደርሳቸዋል፤ የፋብሪካው ሰንጠረዥም ለዚህ ክብደት ከሙሉው ያነሰ ንፋስ ይሰጣል። እኔ ከሰንጠረዡ ጥቂት ከፍ አደርጋለሁ፤ ጭነት ሁልጊዜ እኩል አይተኛም፣ ኩርባ ላይም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ይህ መስመር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጅቡቲ ላይ በ32 ዲግሪ ጠዋት 8 ባር የተሞላ ጎማ፣ ቅንጣት ሳይተነፍስ፣ አዲስ አበባ በ10 ዲግሪ ንጋት ሲለካ 7.6 ገደማ ያሳያል። ከፍታው ሩብ ባር ያህል ይጨምርለታል፤ ብርዱ ግን ከዚያ የበለጠ ይወስድበታል። ወደ ታች ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል። አፋር ሜዳ ላይ ጎማው እየጋለ መለኪያው ሲያሻቅብ ሾፌሩ ይደነግጥና «አስተንፍስልኝ» ይላል። አላስተነፍስም! በሙቀት የተቀነሰ ጎማ ሲበርድ ጎድሎ ያድራል። የጎደለ ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ያግለዋል፣ ግለቱም ላስቲኩን ከሽቦው ይለየዋል። መለካት ያለበት መኪናው ሦስት ሰዓት ያህል ቆሞ ሲቀዘቅዝ ነው።

ይበልጥ የምፈራው ከጥንዱ ወደ ውስጥ ያለውን ጎማ ነው። ረዳቱ በብረት እየመታ ይዞራል፤ ድምፁ የተኛውን ጎማ ይነግረዋል፣ 5 ባር ላይ ያለውን ግን ከ8ቱ አይለይለትም። የውስጠኛው ሲጎድል የውጪው የሁለቱን ሸክም ይቀበልና ቀድሞ የሚፈነዳው ደህናው ይሆናል። በቸርኬው ቀዳዳ እጅ ሰዶ ቫልቩን ማግኘት ስለሚያስቸግር ብዙዎች ይዘሉታል። የቫልቭ ማራዘሚያ ርካሽ ነው፤ አስገጥሙት።

ከሚገባው ንፋስ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ጎድሎ የተነዳ ጎማ ከመጣልኝ አውልቄ ውስጡን በእጄ ሳልዳብስ አልሞላም። የጎኑ ሽቦ ተሰብሮ ከሆነ ሲሞላ ሊፈነዳና ሰው ሊገድል ይችላል። ደህና ሆኖ ሳገኘውም የምሞላው የብረት አጥር ውስጥ አስገብቼ፣ በረጅም ቱቦ፣ ከጎማው ጎን ፊት ዞር ብዬ ነው። ሾፌሩ ይቸኩላል፣ ጭነቱ ይጠበቃል፤ ያም ሆኖ ይህን ሳልጨርስ አይወጣም።