ገና በአሮጌ ሸክላ

ካገለገሉ ሸክላዎች ክምር ውስጥ የሙዚቃ ተመራማሪዋ ጂን ጄንኪንስ የቀዱት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲገኝ ደስታው ልዩ ነው። ዩኔስኮ በአፍሪካ ሙዚቃ ተከታታዩ ያወጣው ነው። መርፌው ሲያርፍ መጀመሪያ አቧራው ይንሿሿል፤ ከዚያ ዜማው ይፈስሳል። ለደብረ ታቦር ሰው ይህ ድምፅ የታኅሣሥ 29፣ የገና ሌሊት ነው፤ ፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና እንደ ጀመሩት የሚነገረው፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ማስመስከሪያው ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነውና። እርግጥ ሸክላ ሽብሸባውን፣ የመቋሚያውን ውዝዋዜ አያሳይም። ድምፁን ግን ጠብቋል፤ ለእኔ ከየትኛውም የፈረንጅ የገና አልበም ይበልጣል። እቤታችሁ የአባት የእናት ሸክላ ካለ አትጣሉት፤ አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ከፀሐይም አርቁት።