ስለ ቡና የሚጻፈውና በቡና ጊዜ የማይነገረው

ስለ ቡና በየጊዜው የሚጻፈውን ጽሑፍ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ድርሰቶቹ ሁሉ ካንድ እናት የተወለዱ ይመስሉታል። መጀመሪያ ፍየል ጠባቂው ካልዲ ይመጣል፤ ፍየሎቹም ይዘላሉ። ቀጥሎ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ እጣኑ ይጤሳል፤ ነጭ የለበሰች ወይዘሮ ከረከቦቱ አጠገብ ትቀመጣለች፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ይቆጠራል። በመጨረሻም ይህ ውብ ባህል ለልጅ ልጅ ይተላለፍ ዘንድ ተመኝቶ ደራሲው ብዕሩን ያስቀምጣል። እኛም ባንድ ወቅት በተማሪዎች መካከል ለተደረገ የድርሰት ውድድር ጽሑፎችን እንድንመረምር ተጠይቀን ስንቀመጥ፣ ስለ ቡና ከቀረቡት ውስጥ ከዚህ መንገድ የወጣ አንድ ብቻ አገኘን። የጻፈችው ተማሪ የምትጠይቀው እናቷ ቡና በምታፈላበት ጊዜ ለምን ዝም እንደምትል ነበር። ድርሰቱ የፊደል ግድፈት ስለ በዛበት ሳይሸለም ቀረ። ነጥብ ከነፈጓት መካከል አንዱ እኛ ነበርን። ይህን የምንጽፈው በከፊል ያን ስሕተታችንን ለማረም ነው።

የካልዲን ነገር ባጭሩ ማለፍ ይበቃል። የፍየል እረኛው ተረት በመጽሐፍ ታትሞ የታየው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1671 ዓ. ም. ሲሆን፣ አሳታሚው በሮማ ይኖር የነበረ ናይሮን የሚባል መምህር ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እረኛው ስም እንኳ የለውም፤ ካልዲ የሚለው ስም ብዙ ዘመን ቈይቶ የተጨመረ ነው። ተረቱ በተረትነቱ ቢነገር የሚጎዳው ሰው የለም። ነገር ግን ድርሰት በፍየል ሲጀመር፣ ደራሲው ከሰው ዘንድ ሳይደርስ ወረቀቱ ያልቅበታል።

ከአመስጋኞቹ ሌላ ነቃፊዎችም አሉ። እነዚህ ደግሞ ቡና የሥራ ጠላትና የሐሜት ወዳጅ ነው ይላሉ። ጎረቤት ተሰብስቦ የቀረውን ጎረቤት ያማል፤ ሠራተኛው በቡና ሰበብ ጠረጴዛውን ትቶ ይጠፋል፤ ሦስቱ ስኒ እስኪደርስ የቀኑ እኩሌታ ያልፋል እያሉ ይወቅሳሉ። ወቀሳው ሐሰት አይደለም፤ በመሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቡናን መጠርጠርም በኛ አገር አልተጀመረም። በፈረንጆች 1511 ዓ. ም. በመካ ኻይር ቤግ የተባለው ሹም ቡናን አስከልክሎ ነበር። በእንግሊዝም ንጉሡ ዳግማዊ ቻርልስ በ1675 መጨረሻ የቡና ቤቶች እንዲዘጉ ዐዋጅ አውጥቶ፣ ሕዝቡ ስላጉረመረመ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ አነሣው። ንጉሡ የፈራው ጥቁሩን ውሃ ሳይሆን በጥቁሩ ውሃ ዙሪያ የሚነገረውን የመንግሥት ወሬ ነው።

እንግዲህ አመስጋኙም ነቃፊውም የሚያዳምጡት በቡናው ላይ የሚነገረውን ነው። አንዱ ጨዋታ ይለዋል፤ ሁለተኛው ሐሜት ይለዋል። የማይነገረውን ግን የሚጽፈው ጠፋ። በኛ አስተያየት የቡና ወዳጅነት የሚመዘነው በዚህ በማይነገረው ነው።

ለዚህ ነገር ጎንደርን የመሰለ ምስክር የለም። በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1660 ዓ. ም. በተደረገው ጉባኤ፣ እስላሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። መንደራቸውም ከቤተ መንግሥቱ ዝቅ ብሎ፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በሚባለው በኩል ሆነ። ቡናም ለረጅም ዘመን የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ በካህናቱ ዘንድ የተነወረ ነበር። ስኒው ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ የሚለይበት ምልክት ሆኖ ኖረ ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን በዚያው በጣና ዳር፣ በዘጌ፣ የቡናው ዛፍ የገዳማት ጥላ ሆኖ መኖሩ ነው። የአገሩ ትውፊት ቡናውን ከአቡነ በትረ ማርያም በትር ጋራ ያያይዘዋል፤ በረከቱም እንዳይጠፋ በዘጌ ምድር ማረስ ክልክል ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አንዱ ካህን ያወገዘውን ሌላው ገዳም ሲያለማ ኖረ። እንዲህ ያለው ነገር በታሪካችን ብዙ ነው፤ ወደ ፊት ራሱን ችሎ ቢጻፍበት ይገባዋል።

ክልከላው እየላላ የሄደው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ በማስወገድ ረድተዋል። ዛሬ በጎንደር ክርስቲያኑና እስላሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ለሠርግም ለተዝካርም ድስቱ ለየብቻ ይጣዳል። ቡናን ግን ቢላዋ አይነካውም። ስለዚህ ያ የልዩነት ምልክት የነበረው ስኒ፣ ሁለቱ ጎረቤቶች ያለ ሥጋት ካንድ ጀበና የሚቀምሱት ሆነ። የቅጂዎቹም ስም ይህን ይመሰክራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምንላቸው ከዐረብኛው አንደኛ፣ ሁለተኛና በረከት ከሚሉት ቃላት ጋራ ዘመድ መሆናቸው ግልጽ ነው። ክርስቲያኑ መጠጡን ከነቆጠራው ከጎረቤቱ ወሰደ። ዛሬ ሁለት ሰዎች መጣላታቸውን ለመናገር «ቡና አይጠራሩም» ማለት ይበቃል፤ ሌላ ዝርዝር የሚጠይቅ የለም።

ነገር ግን አብሮ መቀመጥ ብቻውን ወዳጅነት አይሆንም። ጠጅና ጠላ ቶሎ ይቀዳሉ፤ ቶሎም ምላስ ይፈታሉ። ቡና ግን ያስጠብቃል። ይታጠባል፤ ይቈላል፤ ይወቀጣል፤ ይፈላል፤ ከዚያም ወርዶ እስኪሰክን ይቈያል። ይህን ሁሉ ማንም ባለ ሥልጣን ሊያፋጥነው አይችልም። እንግዳው እጁን አጣምሮ ከሰሉን ይመለከታል፤ ሥራ የለውም፤ መነሣትም ነውር ነው። በዚህ ጊዜ የሚናገረው ያጣ ሰው ሳይወድ በግድ ከራሱ ጋራ ይገናኛል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ሊማሊሞ ከሚባለው ገደል አፋፍ ይደርሳል። በጠላት ወረራ ዘመን ጣሊያኖች የቀየሱት መንገድ እየተጠማዘዘ ገደሉን ይወርዳል፤ ከግርጌው ድብ ባሕር ትገኛለች፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ይኬዳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ. ም. ወደ ጎንደር ሲመጣ የወጣው ይህንኑ ሊማሊሞን ነው። (ብሩስ በመጽሐፉ የኦሮሞ ተወላጆች የተቈላና የተፈጨ ቡና ከቅቤ ጋራ አድቦልቡለው ለመንገድ ስንቅ ይይዙ እንደ ነበር ጽፏል።) ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ለሥራ ተልከን ከአዲ አርቃይ ስንመለስ፣ ዝናሙ ከገደሉ ድንጋይ አውርዶ መንገዱን ስለ ዘጋው ድብ ባሕር ላይ ቆምን።

አብሮን የተላከው የሥራ ባልደረባ ዐሥራ አንድ ዓመት ቡና የተጠራራን ወዳጃችን ነበር። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እሱ ባመለከተበት የእድገት ጉዳይ እኛ የኮሚቴ አባል ሆነን ተቀምጠን፣ ማስረጃው ያልተሟላ ነው በሚል ቃለ ጉባኤ ላይ ፈርመናል። ማስረጃው የተሟላ ነበር። እኛ ፋይሉን አልከፈትነውም፤ ሰብሳቢው ያለውን ተቀብለን፣ ምሳ ሰዓት ስለ ደረሰ ፈረምን። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን የደብዳቤ ሰላምታ ሆነ። በጉዞውም ሁለት ቀን ሙሉ ከሥራ በቀር ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም።

በመንገዱ ዳር ካለች አንዲት ቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ወይዘሮ ብቅ ብለው፣ «ልጆቼ፣ ይህ መንገድ ዛሬ የሚከፈት አይመስልም፤ ግቡና ቡና ጠጡ» አሉን። ገባን። ሾፌራችን ጨዋታ ወዳድ ስለ ሆነ ገና ቡናው ሲታጠብ የከተማውን ወሬ ማውራት ጀመረ። ሴትዮዋም ምጣዱን እያሟሹ፣ «ልጄ፣ እስኪፈላ ድረስ ተወኝ፤ ይህች ጊዜ የኔ ናት» አሉት። ሾፌሩ አፍሮ ዝም አለ፤ እኛም ዝም አልን። ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናምና የሙቀጫው ድምፅ ብቻ ቀረ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንሸሸው የኖርነው ፋይል በፊታችን ተቀመጠ። የሽፋኑ ቀለም፣ የታሰረበት ክር፣ ክሩ አለመፈታቱ ሳይቀር ታየን። እስከዚያ ቀን ድረስ ለራሳችን የምንሰጠው መልስ ነበረን፤ «የፈረምነው እኛ ብቻ አይደለንም» እንል ነበር። ይህ መልስ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ጠንካራ ነው፤ በድብ ባሕር፣ በከሰሉ ፊት፣ ሴትዮዋ ጀበናውን አዘንብለው ሲጠብቁ ግን ምንም ጕልበት አልነበረውም። አቦሉ ተጠጣ። ቶናውም ተጠጣ። ከአቦሉ እስከ ቶናው የተነገረ ቃል ቢኖር ባልደረባችን «ጨው ይብቃው፣ እናቴ» ያለው ብቻ ነው።

በረካው ሲቀዳ ቃለ ጉባኤውን የፈረምነው ፋይሉን ሳንከፍት መሆኑን ነገርነው። ይህን ለመናገር ብዙ ቃል አላስፈለገም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። እሱም ስኒውን እንደ ያዘ፣ «ዐውቄዋለሁ» አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ፣ «ለምን እንዲህ አደረግህ ብዬ ልጠይቅህ ሦስት ጊዜ መጥቼ ከበርህ ተመልሻለሁ» አለን። ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። ሾፌሩ እንኳ የሚጨምረው ነገር አጥቶ ቆሎውን ይቈረጥም ነበር።

ስንነሣ ሴትዮዋን በዚያች የኔ ናት ባሉት ጊዜ ምን እንደሚያስቡ ጠየቅናቸው። ሳቁና እንዲህ አሉ፤ «መጀመሪያ የሞቱብኝን እቈጥራለሁ። ቀጥዬ ያልከፈልሁትን ብድር እቈጥራለሁ። ቡናው ብድሩን ሳልጨርስ ከፈላ እግዜርን አመሰግናለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የተማሪዋ ድርሰት ትዝ ያለን። ልጅቱ የጠየቀችው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፤ እኛ ግን ፊደል ስንለቅም ነገሩ አመለጠን። ስለ ቡና ከሚጽፉት ሁሉ ላይ ያለን ዋናው ቅሬታ ይህ ነው። ሴቲቱን ጥልፍ ቀሚስ አልብሰው ከረከቦቱ አጠገብ ያስቀምጧታል፤ የእጣኑን ሽታ ሳይቀር ይጽፋሉ፤ ምን እንደምታስብ ግን አይጠይቋትም። ከእንግዶቹ ሁሉ ይልቅ ረጅሙን ዝምታ የምትይዘው እሷ ናት። እጇ ሥራ ላይ ነው፤ ልቧ ግን በቀኑ ውስጥ ማንም የማያዝዘው በዚያች ሰዓት ብቻ ይሆናል። እርግጥ ይህም ለሁሉ አልታደለም። ዛሬ በየመንገዱ ዳር ጀበና ዘርግታ የምትሸጠው ወጣት አንዱን ደንበኛ ሳትሸኝ ሌላው ይጠራታል፤ የሷ ቡና መተዳደሪያዋ እንጂ ማረፊያዋ አይደለም። ስለሷ የሚጻፈው ስለ ድብ ባሕሯ ሴት ከሚጻፈው የተለየ መሆን ይገባዋል።

እዚህ ላይ ነቃፊዎቹ፣ «ከአንድ የዝናም ቀን ተነሥታችሁ ሕግ አወጣችሁ» ቢሉን መልስ አለን። ሕግ አላወጣንም። ከዚያው ባልደረባችን ጋራ ከዚያ በፊት በሐሜት ያለፈ ስንት ቡና ጠጥተናል። ያ ሁሉ ግን ከንቱ አልነበረም፤ ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ባናወራ ኖሮ የዚያን ቀን ዝምታ ልንሸከመው ባልቻልን ነበር። ከማያውቁት ሰው ጋራ ዝም ብሎ መቀመጥ ጭንቀት ነው።

በጎንደር ፒያሳ ቡና በመኪና ተጠምቆ በአፍታ ይቀርባል። ይህን የሚነቅፉ ሽማግሌዎች አሉ፤ እኛ ግን በሙሉ አንነቅፈውም። በቤት ውስጥ ብቻን ቡና አፍልቶ መጠጣት እንደ ስስት ይቈጠራል፤ ብቻውን ሊያስብ የፈለገ ወጣት ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ስኒ ይዞ ቢቀመጥ የሚጠይቀው የለም። የሚያሳዝነው ግን ያንኑ ብቸኝነት ካገኘው በኋላ ለእጅ ስልኩ መስጠቱ ነው።

ባልደረባችን ባለፈው ዓመት ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። እድገቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ስለ ነበር ሊመለስለት አልቻለም፤ ስለ ፋይሉም ዳግመኛ ተነጋግረን አናውቅም። ወዳጅነታችን እንደ ቀድሞው ሆነ ብንል ሐሰት ይሆናል። ለጉዳይ ወደ ጎንደር ሲመጣ ግን ከቤታችን ሳይገባ አይሄድም። ቡናው ሲቈላ እሱም እኛም ዝም እንላለን፤ ባለቤታችንም ከምጣዱ ቀና ብላ ታየንና ሥራዋን ትቀጥላለች። እሷ በዚያን ጊዜ ምን እንደምታስብ እስከ ዛሬ አልጠየቅናትም።