ፍጥነትን የሚያስቀድም ምርጫ
የአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ነው፤ ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን ገና ከመሬቱ ሳይላቀቅ አየሩ ሳስቶበታል። አውቶፓይለቱ «በደቂቃ 2,000 ጫማ ውጣ» ከተባለ ይታዘዛል፤ ከፍታው ሲጨምርና የሞተሩ ጉልበት ሲያንስ ግን ያንኑ መጠን ለመጠበቅ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳል፣ ፍጥነቱም ይሸረሸራል። «ፍጥነቱን ጠብቅ» ሲባል ደግሞ የሚቀንሰው የአወጣጡ መጠን ብቻ ነው፤ ክንፉ የሚሸከመውን አየር አያጣም። በእንዲህ ያለ ደጋ አገር ለመውጣት ይህን ሁለተኛውን ትእዛዝ የሚያስቀድም አብራሪ ከልብ ይደነቃል።

የበረራ ኮምፒውተሩ ሁሉን እያሰላ የአብራሪው ምርጫ ለምን ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። በእርግጥ ያሰላል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። ነገር ግን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው «እዚያው ከፍታ ላይ ቆይ» ሲል፣ ወይም በጋሞ ተራሮች ላይ ደመና ሲቆለል ስሌቱ ያረጃል። ፍጥነት ጠባቂውም ቢሆን በየቦታው አይበጅም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተከሰከሰው የኤሲያና አየር መንገድ በረራ 214 አብራሪ ለማረፍ ሲቃረብ መርጦት አውሮፕላኑ ወደ ላይ ማምራት ጀመረ፤ አብራሪው ጉልበቱን በእጁ ሲቀንስም አውቶማቲኩ የሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያ ፍጥነት መጠበቁን ተወ። ስለዚህ ቁልፉን ከተጫነ በኋላ አውቶማቲኩ አሁን ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን፣ በሰሌዳው ላይ የበራውን ጽሑፍ ደግሞ የሚያነብ አብራሪ የምርጫውን ግማሽ ሥራ የሚሠራው ያኔ ነው።