«ፕሮስፔሪቲ» እና የአማርኛ አቻዎቹ፤ አንድ ቃል ለአንድ ቃል ይበቃልን?

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ «ፕሮስፔሪቲ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ የሚመለስበትን ልማድ መመርመርና ለአንድ ቃል አንድ አቻ ብቻ መስጠት የሚያስከትለውን ጉድለት ማሳየት ነው። በተማሪዎች እጅ የሚዘዋወሩት አነስተኛ መዛግብተ ቃላት «ፕሮስፔሪቲ»ን፣ «ዌልዝ»ንና «አፍሉወንስ»ን ብዙውን ጊዜ «ሀብት፣ ብልጽግና» በሚሉት ሁለት ቃላት ጠቅልለው ያልፏቸዋል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ተርጓሚ ቃል አያጣም፤ ትርጉሙን ግን ሊስት ይችላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለትርጉም ተማሪዎች ባቀረበው ፈተና ውስጥ አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ነበረ። የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰ በኋላ ድሬዳዋ እንዴት እንደ ሆነች በ«ፕሮስፐር» ግስ የሚገልጽ ነበር። የሚበዙት ተማሪዎች «ድሬዳዋ ሀብታም ሆነች» ብለው ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን የእንግሊዝኛው ግስ የተናገረው ስለ ተከማቸ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ንግዱ መድራት፣ ስለ ነዋሪው መብዛትና ስለ ኑሮው መቃናት ነበር። ተማሪዎቹ ሊወቀሱ አይገባም፤ የጻፉት መዝገበ ቃላታቸው የሰጣቸውን ነው።

ሦስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በሥርወ ቃልም ሆነ በአገባብ ይለያያሉ። «ፕሮስፔሪቲ» የመጣው በላቲን «የተሳካ፣ እንደ ተመኙት የሆነ» የሚል ፍች ካለው ቅጽል ነው። «ዌልዝ» በጥንቱ እንግሊዝኛ ደኅንነትን ያመለክት ነበር፤ በኋላ ግን የሚቈጠርና የሚመዘን ንብረት ወደ መሆን አዘነበለ። «አፍሉወንስ» ደግሞ «ወደ አንድ ስፍራ መፍሰስ» ከሚል የላቲን ግስ የወጣ ሆኖ የተትረፈረፈ ኑሮን ያሳያል። ልዩነታቸውን በተቃራኒዎቻቸው መፈተን ይቻላል። የ«ዌልዝ» ተቃራኒ ድህነት ነው፤ «ፕሮስፔሪቲ» ግን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ዘወትር የሚነጻጸረው ከመከራ ጋር ነው። የአንድ ሰው «ዌልዝ» ይህን ያህል ሚሊዮን ነው ይባላል፤ «ፕሮስፔሪቲ»ው ግን በዚህ ዐይነት አይቈጠርም። የመጀመሪያው የያዙት ነገር ሲሆን ሁለተኛው የሚገኙበት ሁኔታ ነው።

ወደ አማርኛው ስንመለስ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። «ሀብት» ከግእዙ «ወሀበ»፣ ማለት «ሰጠ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ጥንተ ትርጉሙም «ስጦታ» ነው። ሀብተ ማርያም የሚባል ሰው ስሙ የማርያም ስጦታ ማለት እንጂ የማርያም ንብረት ማለት አይደለም። «በለጸገ» የሚለው ግስም «ባለጸጋ» ከሚለው ስም ጋር የተያያዘ ነው፤ ጸጋም ያው ስጦታ ነው። እንግዲህ ሁለቱም ቃሎቻችን ከመቀበል ይነሣሉ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ከመሳካት ይነሣል። ቃላት ከሥራቸው ርቀው እንደሚሄዱ የታወቀ ስለሆነ በዚህ ብቻ አቻነታቸው ይፈርሳል አይባልም። ሆኖም «በለጸገ» ዛሬም ቢሆን ከሰው፣ ከአገርና ከሕዝብ ጋር ሲሆን ይስማማል እንጂ፣ «ዕቅዱ በለጸገ» ወይም «ጕዞው በለጸገ» ቢባል ጆሮ አይቀበለውም።

ቀደምት ተርጓሚዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በመዝሙረ ዳዊት ምዕራፍ 1 ቁጥር 3 እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ፕሮስፐር» የሚለውን ግስ ይጠቀማል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከእንግሊዝኛው የተቀዳ ባይሆንም፣ በዚያው ስፍራ ያዋለው ግስ «ተከናወነ» ነው። ነገሩ ስለ ሰው ሥራ መቃናት እንጂ ስለ ንብረት መብዛት አልነበረምና ምርጫው ትክክል ነው። «ተከናወነ፣ ተቃና፣ ሰመረ፣ ደራ፣ ለማ» የተባሉት ግሦች ሁሉ በየአገባባቸው የ«ፕሮስፐር» አቻዎች ሲሆኑ፣ በአነስተኛዎቹ መዛግብተ ቃላት ውስጥ ተፈልገው የሚታጡት እነርሱው ናቸው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እንጨምር። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2013 ካወጣቸው ሁለት ዓላማዎች አንዱ «ሼርድ ፕሮስፔሪቲ» የተባለው ነው። መለኪያውም በየአገሩ ከሕዝቡ በገቢ ዝቅተኛ የሆነው 40 በመቶ የገቢው ወይም የፍጆታው ዕድገት ነበር። ይህን «የጋራ ሀብት» ብሎ የሚተረጕም ሰው ንብረትን በጋራ ስለ መያዝ የሚናገር ሰነድ ይፈጥራል። «የጋራ ብልጽግና» ቢለው ይሻላል፤ ነገር ግን ይኸው ሐረግ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የነበሩት አገሮች ለሚበዙበት «ኮመንዌልዝ» መጠሪያ ሆኖ ሲሠራበትም ይታያል። መሬቱንና ከብቱን የሚመለከት ሰነድ ለሚነበብለት ገበሬ «የጋራ ሀብት» እና «ለሁሉም የሚዳረስ ብልጽግና» እጅግ የተራራቁ ቃላት ናቸው። በመጀመሪያው ንብረቱ የጋራ ሊሆን እንደሆነ ይሠጋል፤ በሁለተኛው ኑሮው እንደሚሻሻል ተስፋ ያደርጋል።

በሌላ በኩል «ብልጽግና» ራሱ ባለፉት ዓመታት ሸክም በዝቶበታል። ከአሜሪካ የተስፋፋውና እምነትን ከሀብትና ከጤና ጋር የሚያያይዘው ስብከት በአማርኛ «የብልጽግና ወንጌል» ይባላል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ቃሉ የአንድ የፖለቲካ ፓርቲ መጠሪያ ሆነ። ስያሜዎቹን መደገፍም ሆነ መንቀፍ የመዝገበ ቃላት ሥራ አይደለም። ይሁን እንጂ ዛሬ «የብልጽግና ዕቅድ» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ የኢኮኖሚ ዕቅድ ይሁን የፓርቲ ዕቅድ ከርእሱ ብቻ ሊለይ አይችልም። ቃሉን ያለ ዐውድ መስጠት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያሳስተው ስለዚህ ነው።

«ሙያዊ ቃል አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ አቻ በበዛ ቍጥር ሥርዓት ይጠፋል» የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው። በኢኮኖሚ ትምህርት ለ«ዌልዝ» «ሀብት»ን አጽንቶ መያዝ ተገቢ ነው። «ፕሮስፔሪቲ» ግን ከሙያ ቃልነቱ ይልቅ የዕለት ተዕለት ቃልነቱ ያይላል። የዕለት ተዕለት ቃል ደግሞ የሚፈታው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት እያንዳንዱን ቃል በዐረፍተ ነገር እያሳየ መፍታቱ እስከ ዛሬ ጠቃሚነቱን ያላጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ወደፊት በሚዘጋጁ መዛግብተ ቃላት «ፕሮስፔሪቲ» ከነግሱ በሚከተለው አከፋፈል እንዲፈታ ሐሳብ እናቀርባለን።

ሀ) ስለ አገርና ስለ ሕዝብ ሲነገር፣ ብልጽግና፤ «ሰላም ለአገር ብልጽግና መሠረት ነው»።

ለ) ስለ ሥራና ስለ ዕቅድ ሲነገር፣ መከናወን፣ መቃናት፤ «የጀመረው ሥራ ተቃናለት»።

ሐ) ስለ ንግድና ስለ ከተማ ሲነገር፣ መድራት፣ መልማት፤ «መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ገበያው ደራ»።

መ) የመከራ ተቃራኒ ሆኖ ስለ ዘመን ሲነገር፣ ደግ ዘመን፣ የተድላ ጊዜ፤ «በደግ ዘመን ወዳጅ ይበዛል»።

«ሀብት» ለ«ዌልዝ»፣ «ድሎት» ለ«አፍሉወንስ» ቢጠበቁ ሦስቱ ቃላት እርስ በርሳቸው አይደባለቁም። ይህ አከፋፈል ለውይይት የቀረበ እንጂ የተቈረጠ ውሳኔ አይደለም። ጉድለት ያየበት አንባቢ ቃሉን ያገኘበትን ዐረፍተ ነገር ጭምር ጽፎ ቢልክልን የሚጠቅመን እርሱ ነው፤ ዐረፍተ ነገር የሌለው ፍች ተማሪዎቻችንን እንደ ገና «ድሬዳዋ ሀብታም ሆነች» ያሰኛቸዋልና።