የማን ጢም ላጨ? ስለ አንድ የሺሺንዳ የምላጭ ሳጥን

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሺሺንዳ ውስጥ፣ አንድ አናጢ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የሰቀሉት የዋንዛ ሳጥን አለ። መስታወት የተገጠመለት ሲሆን ውስጡ 14 አሮጌ ታጣፊ ምላጮች ተደርድረዋል። ሁለት ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። የእንጨት ስራው ግሩም ነው። የሚናገረው ታሪክ ግን ጎደሎ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

መጀመሪያ ለእንጨቱ የሚገባውን ልስጠው። ማዕዘኖቹ ያለ አንድ ሚስማር፣ ጥርስ በጥርስ የተጋጠሙ ናቸው። እያንዳንዱ ምላጭ በልኩ በተቦረቦረ ማረፊያ ላይ ግማሽ ተከፍቶ ተኝቷል፤ የጀርባው ውፍረትና የስለቱ ስስነት ጎን ለጎን ይታያል። ሌላ ሰው ቢሆን ቀይ ከፋይ ያነጥፍበት ነበር። ጨርቅ እርጥበት ይይዛል፣ ከፋ ደግሞ ዝናብ የማይጠፋበት አገር ነው። እሳቸው ግን እንጨቱን ባዶውን ትተው ከኋላ የአየር ቀዳዳ አበጁለት። እጀታቸው ሴሉሎይድ የሆኑትን ለብቻቸው ከታች አድርገዋል። ሴሉሎይድ ሲያረጅ የሚያወጣው አሲድነት ያለው ትነት የጎረቤቱን ብረት ሳይቀር ያዝጋል። ይሄን የሚያስብ ሰው ምላጩን ይወደዋል ማለት ነው።

ችግሩ አደራደሩ ላይ ነው። ላይኛው ረድፍ የዞሊንገን፣ ታችኛው የሼፊልድ ነው፤ በየስሩ የፋብሪካው ስም በንጹህ የእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። እርግጥ ታሪኩ ታሪክ ነው። ጀርመን «ዞሊንገን» የሚለውን ስም ሌላ ከተማ እንዳይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ ከልክላለች። ጂሌት ደግሞ በ1903 መሸጥ ሲጀምር በዓመቱ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር፤ ያቺ ተቀያያሪ ምላጭ ግን በኋላ ታጣፊውን ከገበያ ገፋችው። ይሄ ሁሉ የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካ ታሪክ ነው። እዚህ ደርሶ ምላጩ ምን ሰራ?

«ጋሼ፣ ይሄኛው የማን ጢም ላጨ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የማንን እንደሆነማ ማን ያውቃል ልጄ። የየት እንደሆነ ግን ተጽፎበታል» አሉኝ።

የኔ ሂስ እዚህች መልስ ውስጥ አለ። ምላጭ እኛ አገር ጢም ብቻ አልላጨም። የሕፃን ቁንጮ ያስቀረው፣ ጋሜ ያወጣው፣ ሐዘንተኛን የላጨው ስለት ነው። የበጣውም እሱ ነው፤ «ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። ሴት ልጅን የገረዘውም ስለት ነው፤ ይሄን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በግልጽ ወንጀል አድርጎታል።

ከዚያ ምላጭ ራሱ አበጠ። እ.ኤ.አ. በ1986 የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን አገራችን ውስጥ ከተመዘገቡ በኋላ «ስለት አትጋሩ» የሚለው ትምህርት በየትምህርት ቤቱና በየሬዲዮኑ ተሰማ። ከደንበኛ ወደ ደንበኛ ሲዞር የኖረ ስለት አስፈሪ ሆነ። ፀጉር ቤት ገብታችሁ አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ፣ ለሁለት ሰብሮ፣ ግማሹን ፊታችሁ እያለ እጀታው ላይ ሲሰካ አይታችኋል። ያ እንቅስቃሴ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ምላጮች አብዛኞቹ የተገኙት ከድሮ ፀጉር ቤቶች መሳቢያ ነው። ለምን መሳቢያ እንደገቡ ሳጥኑ አይናገርም።

«ሁሉም ነገር ሐዘን መሸከም አለበት ወይ? የሚያምር ብረት ስላማረ ብቻ አይሰቀልም?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሰቀላል። ግን ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄዳችሁ እዩ። እዚያ የባህል ዕቃዎቹ በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል፣ ከልደት እስከ ሞት ተደርድረዋል። ውበታቸው በዚህ አልቀነሰም፤ ዕቃው የማን እጅ ውስጥ እንደነበር ስለምናስብ እንዲያውም ቆም ብለን እናያለን።

ስለዚህ ሳጥኑ ይፍረስ አልልም። የምለምነው አንድ ማረፊያ እንዲጨመር ነው። ከዞሊንገኖቹ አጠገብ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ጥንቃቄ አንድ ትንሽ ቦታ ተቦርቡሮ፣ ውስጡ ከወረቀቷ ጋር አንዲት ግማሽ ምላጭ ትቀመጥ። ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሌሎቹ አስራ አራቱ ለምን ስራ እንደፈቱ የምታስረዳው ግን እሷ ናት።